ከደብረ ብርሃን እስከ እማማ ዘይነባ ግራ ሳንባ

ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የጉራጌን ተራሮች በካርታ ላይ በእንጨት እየነካሁ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። "እዚህ ጋ ወልቂጤ፣ እዚህ ጋ ቡታጅራ፣ መካከላቸው ተራራ" እል ነበር። እኔ ራሴ ግን ከአዲስ አበባ ማዶ አንድም ቀን አልፌ አላውቅም። ዘንድሮ በኅዳር መጀመሪያ፣ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አምስት ቀን ሄጄ አየኋቸው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አገሩን በካርታ ብቻ ለሚያውቁት የደብረ ብርሃን ሰዎች ነው። ስለ መልክዓ ምድሩ ብዙ አትጠብቁ፤ የሄድኩት ስለ ልጄ እንቅልፍ ነው።

ልጄ ሰላማዊት ወልቂጤ ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ናት። ዶክተር ሰላማዊት። እነዚህን ሁለት ቃላት ደጋግሜ ብጠራ አንባቢ ይታገሰኝ፤ ከመምህር ቤት የወጣች ዶክተር ናት። ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፉት ወራት ስንደውልላት ድምጿ እየሰለለ መጣ። አንዳንዴ "ደህና ነኝ እማዬ" ብላ ሳትጨርስ ዝም ትላለች፤ ጆሯችንን ስንጥል ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፤ ተኝታለች። እኔና ባለቤቴ አስካለ ስልኩን መዝጋት እያሳዘነን ተያይተን እንቀመጥ ነበር። ከዚያ አንድ እሁድ ደወለችና "አባዬ፣ ሥራውን ልተወው ነው" አለችኝ። ምክንያቱን በስልክ አልናገርም አለች።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። ጡረታ ወጣሁ እንጂ ሥራ አልፈታሁም። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነስቼ ቴሌግራም ላይ የሚወጡትን የሥራ፣ የሥልጠናና የትምህርት ዕድል ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ አያለሁ። ለሐኪም የሚሆነውን ሁሉ ለሰላማዊት እልካለሁ፤ ከሥሩም "እንዳያመልጥሽ" ብዬ እጽፍበታለሁ። ይህችን ቃል አንደኛ ክፍል ከገባችበት ቀን ጀምሮ ስነግራት ኖሬያለሁ። እንዲህ የሚተጋ አባት ስንቱ ሐኪም አለው እያልኩ በራሴ እኮራ ነበር።

ማክሰኞ

አስካለ የልጇን እንቅልፍ ያጠፋው ብርድ ነው ብላ ወስናለች። ስለዚህ ቤት ያለውን ትልቁን ባና፣ ከመንዝ በግ ሱፍ የተሠራውን ወፍራሙን የብርድ ልብስ፣ ጠቅልላ በገመድ አስራ ትከሻዬ ላይ ጫነችው። ወልቂጤ ሞቃት መሆኑን አውቃለሁ፤ አስተምሬዋለሁ። ግን አስካለ አንዴ ከወሰነች በካርታ አትመለስም።

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ የወልቂጤን መኪና ያዝኩ። ረዳቱ ባናውን ጣራ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ሰበታን እስክናልፍ ደህና ነበር። ቱሉ ቦሎ ላይ ላብ ጀመረኝ። ወሊሶ ስንደርስ ኮቴን አውልቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ባናውን ግን እንዳቀፍኩ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የጉንችሬ ነጋዴ አዘነችልኝ።

"ጋሼ፣ በግ ነው የያዙት?"

"ባና ነው።"

"በዚህ ሙቀት?"

"ለልጄ ነው። ወልቂጤ ዶክተር ናት።"

ሴትዮዋ ወዲያው ወደ ኋላ ዞራ ለመኪናው ሁሉ በጉራግኛ አስታወቀች። ከዚያ በኋላ አንዱ ውሃ ያቀብለኛል፣ አንዱ መስኮት ይከፍትልኛል። እኛ አገር ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይነጋገር ይጓዛል፤ ብርዱ ነው መሰለኝ አፋችንን የሚያስይዘን። እዚህ ግን ወልቂጤ ሳንደርስ የሰላማዊትን ዕድሜ፣ የተማረችበትን ቦታና አለማግባቷን መኪናው በሙሉ አውቆታል። ሁለት ሰዎች ያላገባ ወንድም እንዳላቸው ነገሩኝ።

ሰላማዊት መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል፤ አገጯ ሾሏል። ባናውን አይታ ሳቀች፤ ሳቋን ሳይ ትንሽ ተጽናናሁ። ባጃጅ ይዘን ገና አንድ መንገድ ሳናልፍ ጭንቅላቷን ባናው ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ሾፌሩ በመስታወት አያት። የቤቷን በር ያውቀዋል ለካ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ሳይቆም አለፈው።

"አባቷ ነዎት?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አዎ።"

"ደርሰናል፤ ግን አንድ ዙር ልጨምርላት? ባለቤቴ በእሷ እጅ ነው የወለደችው።"

ሦስት ዙር ዞረን ወልቂጤን ሦስት ጊዜ አየኋት። መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ብረታ ብረት ሻጮቹን፣ የቆጮ ተራውን፣ ከዚያ እንደገና መስጊዱን። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን እየነካ በዳር ያልፋል። ጎብኚ ሆኖ ከተማን በዚህ ዓይነት ክብር ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። በአራተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ የሰላማዊት ስልክ "ድንግ" አለ። ዓይኗ ሳይገለጥ እጇ ስልኩ ላይ ነበር። ሾፌሩ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ በሩ ላይ አቆመን።

ረቡዕ

እሷ ሥራ ገባች፤ እኔ ረፈድ ሲል ተከትዬ ሆስፒታሉ ግቢ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እኛ ጋ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዝም ይላል። እዚህ በሦስት በአራት ቋንቋ ይወራል፤ ማን ምን እንደታመመ ይጠያየቃል፤ የመጣለትን ምግብ ያካፍላል። የዶክተር ሰላማዊት አባት መሆኔ ሲታወቅ አንዲት እናት ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ተነስተው ጉልበታቸውን አጥፈው እየዘረጉ "ይሄን ያየችው እሷ ናት" ብለው አሳዩኝ። ደረቴ ምን ያህል እንዳበጠ ልደብቅ አልችልም። እንዲህ የምትወደድ ልጅ ለምን ሥራዋን ትተዋለች የሚለው ጥያቄ ግን እዚያው አግዳሚው ላይ አብሮኝ ተቀምጦ ነበር።

የሥራ ባልደረባዋ ዶክተር ነስሩ ምሳ ጋበዘኝ። ይዞኝ የገባው በከተማው ስመ ጥር ወደሆነ ክትፎ ቤት ነው። ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ሁለታችንም ያስታወስነው ከተቀመጥን በኋላ ነው። ክትፎ አገር ድረስ ሄጄ፣ ክትፎ ቤት ገብቼ፣ ሽሮ በላሁ። ነስሩ ከልቡ አፈረ፤ እኔ እየሳቅሁ እያጽናናሁት የሆነውን ሁሉ ነገረኝ።

ሐኪሞቹ የጋራ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ተረኛው ከባድ ሕመምተኛ ሲመጣበት እዚያ ይጽፋል። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ማታ እንዲህ ያለ መልእክት ወጣ። ሰላማዊት ተረኛ አልነበረችም፤ ግን አንድ ነገር እንዳያልፋት ተነስታ ሄደች። ስትደርስ ሌሎች አራት ተረኛ ያልሆኑ ሐኪሞች ቆመዋል።

"አንዱ እኔ ነበርኩ" አለ ነስሩ። "በነጠላ ጫማ ነው የሮጥኩት። አንዱ ጋውኑን ፒጃማው ላይ ደርቦታል። ተረኛው 'ማን ጠራችሁ?' ብሎ አባረረን። ግን ማናችንም አልሄድንም። ምንም ሳንሠራ ቆመን አነጋን። በማግስቱ ደግሞ አምስታችንም መደበኛ ሥራ ነበረን። አምስት ዶክተር ሆነን የሁለት ዶክተር ሥራ ሠራን፣ መምህር።"

የዚያን ዕለት ጠዋት ሰላማዊት ዘንድ የገቡት እማማ ዘይነባ የሚባሉ የቡታጅራ እናት ነበሩ። ወልቂጤ ያገባች ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ነው የገቡት። ሰላማዊት ደረታቸውንም ላዳምጥ ብላ ማዳመጫዋን ጀርባቸው ላይ አደረገች። ቀኙን ሰማች። ወደ ግራው ልታዞር ስትል ግንባሯ ትከሻቸው ላይ አረፈና እንቅልፍ ወሰዳት። አሮጊቷ ንቅንቅ አላሉም። ነርሷ ስትገባ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ቀስ በይ፣ ልጅቷ ተኝታለች" አሏት። ውጭ ያለው ሰው ማጉረምረም እስኪጀምር ድረስ እንደዚያው ተቀምጠው ነበር።

ሰላማዊት ስትነቃ እያለቀሰች ከክፍሉ ወጣች። ነስሩ ገብቶ ምርመራውን ልጨርስ ቢላቸው "የጀመረችኝ እሷ ናት" ብለው እምቢ አሉት። ለብሰው ሄዱ፤ በማግስቱም ቡታጅራ ገቡ።

አመሻሹ ላይ ሰላማዊት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዋን አነበበችልኝ። አጻጻፏ ጥሩ ነው፤ አንድም የሆሄ ስህተት የለበትም።

"አባዬ፣ ግራውን አልሰማሁም" አለችኝ። "ያን ጊዜ እዚያ ውስጥ ምን እንደነበረ አላውቅም። ነገ ቡታጅራ ሄጄ አዳምጬ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ሰኞ ይሄን አስገባለሁ። የምትተኛ ሐኪም ለማንም አትሆንም።"

"ግን ቤትሽ ገብተሽ ለምን አትተኚም?"

ስልኳን እያገላበጠች ቆየች። "አንድ የክፍላችን ልጅ ለስፔሻሊስትነት የሚያበቃውን ቦታ ያገኘው ማስታወቂያውን በመጨረሻዋ ሰዓት ስላየ ነው። ሌላዋ ተኝታ ስለነበር አመለጣት። ዓይኔን ስጨፍን ሁሉም ሰው ጥሎኝ የሚሄድ ይመስለኛል።"

እኔም እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠርጌ "ንቁ መሆንስ ጥሩ ነው ልጄ" አልኳት። ይህን ማለቴን ከዚህ ጽሑፍ ልቆርጠው አስቤ ነበር።

ሐሙስ

እስከ እሁድ ፈቃድ ወስዳ ወደ ቡታጅራ ተነሳን። መንገዱ በጉብሬ አድርጎ ተራራውን ያቋርጣል። ባናውም አብሮን ሄደ፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ የምናስቀምጥበት አልነበረም። በመስኮት የእንሰቱን ማሳና በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሰፊ ሣር አየሁ፤ ጀፎሮ ይሉታል። የሁሉም ነው፤ ከብቱም፣ ለቅሶውም፣ ሠርጉም እዚያው ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቦታ ቢገኝ በሳምንቱ ታርሶ ገብስ ይዘራበት ነበር።

ተራራው አናት ላይ ጎማ ፈነዳ። ጉም ወርዶ ነበር፤ ብርዱ ደግሞ ቁርጥ የደብረ ብርሃን ብርድ። ከመኪናው ስወርድ አገሬ የገባሁ መስሎኝ በረጅሙ ተነፈስኩ። የቀሩት ተሳፋሪዎች በቀጭን ልብስ ይንቀጠቀጣሉ። የአስካለ ባና ሰዓቱ ደረሰ። ሰላማዊትን አልብሼ የኋላ ወንበር ላይ አጋደምኳት። ስልኳን አየችው፤ ኔትወርክ የለም። ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ የለም። ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ የለም። ከዚያ ደረቷ ላይ አድርጋው ተኛች።

መለዋወጫው ጎማ ራሱ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ከሌላ መኪና እስክንዋስ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ረዳቱ ጮክ ብሎ ሲሳደብ አንዲት ሴት "ዶክተር ተኝታለች" ብላ ገሠጸችው፤ ከዚያ በኋላ ስድቡን ቀጠለ፣ ግን በሹክሹክታ። ቆሎ እየተካፈልን ጉሙ ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ለጎማ ብልሽት ምስጋና ያቀረብኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ቡታጅራ መውረድ ስንጀምር ኔትወርኩ መጣ፤ ስልኩ ሳያቋርጥ ይንጫጫ ጀመር። ተነስታ ከተማው እስክንገባ ድረስ አንድ በአንድ አነበበችው።

"ምን አመለጠሽ?" አልኳት።

አሰበች። "ምንም" አለች፤ ራሷም ገርሟት። ቢሆንም ስልኩን አላስቀመጠችውም።

ማታ ክትፎዬን በላሁ፤ ለብለብ፣ ከአይብና ከቆጮ ጋር። አስተናጋጁ ከደብረ ብርሃን መምጣቴን ሲሰማ ቆጮውን ለብቻው ጨመረልኝ። እንጀራ አምጣ ልለው ነበር፤ እንዲህ ሲያደርግ አፈርኩ። አልጋ የያዝንበት ቤት ፍራሽ ለእኔ ቁመት አጭር ስለነበር እግሬን ወንበር ላይ አድርጌ አደርኩ። ጠዋት ባለቤትየዋ ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው "ለምን አልቀሰቀሱኝም!" አሉኝ፤ ለቁርሱም ድርብ እንቁላል ሊያመጡልኝ ሲሉ አርብ መሆኑን ነገርኳቸው።

አርብ

የእማማ ዘይነባ ልጅ ሙስጠፋ፣ ወልቂጤ ያለችው እህቱ ደውላለት፣ አስፋልት ዳር ቆሞ ጠበቀን። ገበሬም የበርበሬ ነጋዴም ነው። ግቢያቸው በርበሬ ተሰጥቶበት ዳር እስከ ዳር ቀልቷል። አጥሩን ሳልፍ ማስነጠስ ጀምሬ ቤቱ እስክገባ አላቆምኩም። "አልሐምዱሊላህ ይበሉ፣ ይለምዱታል" እያለ ሙስጠፋ ይስቅብኛል፤ እሱም ይስላል።

እማማ ዘይነባ ምንጣፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ነገር አይስትም። ሰላማዊት ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ "ይቅርታ እማማ" ብላ አለቀሰች።

"ይቅርታ ለምኑ ነው?" አሉ። "አረፍሽ ወይ? እሱን ንገሪኝ። እዚህ ትከሻ ላይ ሰባት ልጅ ተኝቶበታል፤ አንቺ ስምንተኛዬ ነሽ። ግን ቀኙን ሰምተሽ ግራውን ትተሽብኛል። በይ ጨርሺልኝ።" ከዚያ ሳሉ።

"በርበሬው ነው" አለ ሙስጠፋ።

ልብሳቸውን ሊያወልቁ ስለሆነ እኔና ሙስጠፋ ወጣን። እሱ ለጁምዓ ሊታጠብ ሄደ። እኔ ደጃፉ ላይ ዱካ አግኝቼ ተቀመጥኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሥራ ያልነበረው እጄ ኪሴ ገብቶ ስልኬን አወጣ። አንድ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ ለሐኪሞች፣ ሥልጠና፣ ቦታው ውስን። ወዲያው ላክሁት። ፎቶውንም ለብቻው ላክሁት። ከሥሩም "እንዳያመልጥሽ" ብዬ ላክሁ።

ከውስጥ "ድንግ" አለ። "ድንግ" አለ። "ድንግ" አለ።

"ማነው እሱ?" አሉ እማማ ዘይነባ።

"አባዬ ነው" አለች ልጄ።

"አባትሽ ደጅ አይደለም እንዴ?"

"ደጅ ነው።"

"ደጅ ተቀምጦ ምን ይልሻል?"

"እንዳያመልጥሽ ይለኛል።"

"ምኑ?" አሉ።

እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስንት ጠዋት፣ ከስንት ሌሊት ተረኝነት በኋላ ያችን ድምፅ ትራሷ ሥር እንዳሰማሁባት ቁጥሩን ማሰብ ፈራሁ። ሕፃን ሳለች እንቅልፏ እንዳይቋረጥ የበሩን ማጠፊያ ዘይት የምቀባው እኔ ነበርኩ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

"አንተ የዶክተሯ አባት! ና ግባ" የሚል ድምፅ መጣ።

ተሸፍነው ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፤ እንደ ተማሪ ስልኬን ሰጠኋቸው። የልጄንም ተቀበሏት። ሁለቱን ይዘነው በገባነው ባና እጥፋት ውስጥ ከትተው ባናውን ከጎናቸው አድርገው ክንዳቸውን ጫኑበት። ከዚያ ሰላማዊትን "አሁን ስሚኝ" አሏት፤ እኔን ደግሞ በአገጫቸው በሩን አሳዩኝ።

ደጅ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጄን የማደርግበት አጣሁ። በርበሬውን አየሁ፣ እንሰቱን አየሁ፣ ዶሮዎቹን ቆጠርኩ። ከውስጥ "ይተንፍሱ… አሁን ያውጡ… እንደገና" የሚል የልጄ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ አይቸኩልም። ልጄ ሐኪም ስትሆን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ዶክተር ናት ብዬ ስንቱን ሳደነቁር የኖርኩት ሥራዋን አንድም ቀን ሳልሰማ ነው።

ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነበር። "አባዬ፣ ግራው ታች ላይ ድምፅ አለ" አለች።

ሙስጠፋ ከጁምዓ ሲመለስ ነገረችው። "ዶክተር፣ በርበሬው ነው እኮ፤ ሁላችንም እንስላለን" አላት።

"በርበሬውን እኔም ስቤዋለሁ፣ አባቴም ስቦታል። በርበሬ ሁለቱንም ሳንባ ነው የሚያስለው፤ አንድ ጥግ መርጦ አይገባም። ነገ ራጅ ይነሱ።"

እንዲህ ስትል የቆመችበት አኳኋን ዓይኔ ላይ ቀርቷል። የመመረቂያዋን ዕለት ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን የኮራሁት ግን ከዚያ ይበልጣል።

ምሳ ቆጮና ጎመን ቀረበ። እማማ ዘይነባ ወደ እኔ አስጠግተው "ቅቤ አልነካውም። አርብ የናንተ ጾም መሆኑን አውቃለሁ፤ ድስቱንም ለብቻ ነው ያደረግነው" አሉኝ። ስልካችንን የመለሱልን በልተን ከጠገብን በኋላ ነው።

ቅዳሜ

ቡታጅራ ከተማ ራጅ ተነሱ። ያነበበው ሐኪም የሳንባ ምች መሆኑን፣ ገና ሲጀምር መያዙንና መድኃኒት እየወሰዱ ቤታቸው ሆነው እንደሚድኑ ነገረን። ከዚያ ወደ ሰላማዊት ዞሮ "ይሄን በማዳመጫ ብቻ ነው ያገኘሽው?" አላት። እኔ ቀድሜ "አዎ" አልኩ።

ሰላማዊት ግን ፊቷ አልፈታም። "ያን ቀን ሰምቼው ቢሆን…" ስትል እማማ ዘይነባ አቋረጧት።

"ያን ቀን ምንም አልነበረም። ሳሉ የጀመረኝ ቡታጅራ ከገባሁ ወዲህ ነው።"

ሙስጠፋ መሬት መሬት ያይ ነበር። እማማ እውነቱን ተናግረው ይሁን ለደግነት ብለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባናው ለእሳቸው ቀረ፤ ምች ለያዘው ሰው ከዚያ የተሻለ ልብስ የለም። በምትኩ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ ክብደቱ ከባናው የማያንስ ቆጮ ትከሻዬ ላይ ተጫነ። መናኸሪያው ላይ ሰላማዊት ክንዴን ያዘችኝ።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ከተረኝነት ስወጣ ምንም አትላክልኝ። ስነቃ ራሴ እፈልገዋለሁ።"

"የሚያልፍ ነገር ቢሆንስ?"

"ይለፍ።"

ቃል ገባሁ። "ሰኞ ተረኛ ነኝ" አለችኝ ስንለያይ። ስለ ደብዳቤው አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ነግራኛለች።

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ጥያ ላይ ያልፋል። ትክል ድንጋዮቹን ስንት ዓመት አስተምሬያቸዋለሁ፤ ቢያንስ ወደዚያ የሚያስገባውን መንገድ በዓይኔ ላየው በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ነበር። ስነቃ መልካ ቁንጡሬ ደርሰናል። ከጎኔ የነበረውን ሰው ለምን አልቀሰቀስከኝም ብለው "ደክሞዎት ነበር እኮ" አለኝ። የዚህ አገር ሰው የተኛ ሰው አይነካም ለካ።

ከተመለስኩ በኋላ

አስካለ ቆጮውን አገላብጣ አይታ "ባናዬስ?" አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ በደጃፉ ላይ የሠራሁትንም ሳልደብቅ። ቆጮውን መልሳ እየጠቀለለች "እኔ ብርድ ነው ብዬ ነበር" አለች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስጠብቀው የኖርኩት ማስታወቂያ ወጣ። ውጭ አገር፣ ሦስት ወር፣ ለጠቅላላ ሐኪሞች፣ ምዝገባው በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ የሚዘጋ። ሰላማዊት ያን ቀን ጠዋት ከተረኝነት ወጥታለች። "እንዳያመልጥሽ" ብዬ ጽፌ ጨረስኩ። ጣቴ የመላኪያው ምልክት ላይ ቆመ። ላክ ላክ የሚለኝን ስሜት በቃላት መግለጽ አልችልም፤ ላብ በላብ ሆንኩ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁና ከተማውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ስመለስ ጊዜው አልፎበታል።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች።

"አባዬ፣ አንድ ትልቅ ነገር አመለጠኝ።"

"አውቃለሁ" አልኩ።

"አይተኸው ነበር?"

"አይቼው ነበር።"

ቃሌን እንደ ጠበቅኩ፣ ልጄን ግን እንደ በደልኩ ሆኖ ተሰማኝ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ሳቋ መጣ፤ ያ የድሮው፣ ወፍራሙ ሳቋ።

"ተኝቼ ነበር አባዬ። የግሩፑን ድምፅ አጥፍተነዋል፤ አሁን የሚጠራው ተረኛው ብቻ ነው። እነ ነስሩም እየተኙ ነው። እማማ ዘይነባም ድነው የባናህን ሰላምታ ልከዋል።"

"ለስንት ሰዓት ተኛሽ?"

"ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ። ሳልነቃ።"

የማትሪክ ውጤቷ የመጣ ዕለት እንደሮጥኩት ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ ጎረቤቶቹ አጥር ላይ እስኪወጡ ድረስ ጮህኩ።

"አስካለ! አስካለ! ልጅሽ ዘጠኝ ሰዓት ተኛች!"